ሱልጣን ሙሐመድ ሐንፈሬ፦ የአውሳ በረሃ ጠባቂ

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ የሚያበቃ ወንዝ ነው። ዙሪያው በረሃ ነው፤ በስተሰሜን ያለው የደናክል ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። በወንዙ ዳርቻ ያለችው አውሳ ግን ለምለም ናት። በ1577 (እ.ኤ.አ) የሐረር ኢማሞች መቀመጫቸውን ወደዚህች ምድር አዛወሩ። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ደግሞ የሙዳይቶ ሱልጣኖች ገዟት።

ከእነዚህ መሪዎች ስማቸው የገነነው ሱልጣን ሙሐመድ ሐንፈሬ ናቸው። ኢላልታ በሚለው ስምም ይታወቃሉ። ከ1862 እስከ 1902 ለአርባ ዓመታት ያህል መርተዋል። ከሸዋ ወደ ታጁራ ወደብ የሚወስደው የቅፍለት መንገድ በአፋር ምድር ስለሚያልፍ፣ የእርሳቸውን ፈቃድ ያላገኘ ነጋዴ በሰላም መድረሱ አጠራጣሪ ነበር።

በ1875 የግብጹ ኸዲቭ ኢስማኢል ምሥራቅ አፍሪካን ለመጠቅለል ተነሳ። ጦሩ ሐረርን ያዘ፤ ሌላው በሰሜን በኩል ወደ አፄ ዮሐንስ ግዛት ገባ። በኸዲቩ አገልግሎት ላይ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር ደግሞ ጥቂት መቶ ወታደሮችና መድፍ ይዞ ከታጁራ ወደ አውሳ ዘለቀ።

ኸዲቩ ሙስሊም ነው፣ ከወታደሮቹም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ሱልጣኑ ግን እንግዳንና ወራሪን ለይተው ያውቁ ነበር። በኅዳር ወር አንድ ሌሊት የአፋር ተዋጊዎች በሰፈሩ ላይ ድንገት ወረዱበት። ሙንዚንገርና ባለቤቱ ተገደሉ፤ የተረፉት ወደ ባሕሩ ሸሹ። በዚያው ሳምንት የአፄ ዮሐንስ ጦር ጉንደት ላይ ሌላውን የግብጽ ጦር ደመሰሰ። ሁለቱ መሪዎች በእምነት ቢለያዩም የመከቱት ወራሪ አንድ ነበር።

የሱልጣኑ ታሪክ በዚህ ድል ብቻ አይጠቃለልም። በኋላ ከጣልያን ጋር በ1883 እና በ1888 ውል ተፈራርመዋል። በዚህ የሚወቅሷቸው አሉ። ይሁን እንጂ በስተሰሜን በአሰብ ጣልያን፣ በስተምሥራቅ በታጁራ ፈረንሳይ፣ በስተምዕራብ እየገነነ የመጣው የምኒልክ ኃይል ከበዋቸው ነበር። ለሦስቱም ሳይዋጡ አገራቸውን ማቆየት ነበረባቸው።

በ1902 ወደ አኺራ ሄዱ። የሙስሊሙን ድርሻ ከአገር መከላከል ታሪክ ለሚነጥል ሁሉ የአውሳ ሌሊት በቂ መልስ ነው። ልጆቻችን ስለ ጉንደት ሲማሩ ስለ አውሳም ይማሩ። አላህ ይዘንላቸው።