የቴስታታው ሰው፤ ሐሪ ዌስሌክ

ከሐሪ ዌስሌክ ስም ጋር ያገናኘችኝ የአጎቴ የቤንዚን ላንድሮቨር ናት። በቢቸናና በሞጣ መካከል እህልም ሰውም ስትጭን የኖረች መኪና ናት። አንድ ክረምት ሞጣ መግቢያ ላይ ፈላችና ቴስታታዋ ጎበጠ። አጎቴ ጋራዥ ወስዶ አስላጨው። ስትመለስ ዳገቱን እንደ አዲስ ትወጣው ጀመር፤ አጎቴም ደስ ብሎት ሰነበተ።

ጉዱ የወጣው አዲስ አበባ ለመሄድ ሲነሳ ነው። ከደጀን ቁልቁል ወርዶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ በዚያ ሙቀት ወደ ጎሐ ጽዮን ዳገቱን ሲጀምር ሞተሯ እንደ ቆርቆሮ ተንኳኳች። እኔም አብሬው ነበርኩ፤ የሚፈነዳ መስሎኝ ነበር እኮ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴስታታ ሲላጭ ቤንዚኑና አየሩ የሚታመቁበት ቦታ ይጠባል። ቢቸናም ሞጣም ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። እዚያ ላይ መታመቁ ቢጨምር ደግ ነው። ዓባይ በረሃ ግን አየሩ ወፍራምና ትኩስ ነው። ድብልቁ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ይቀጣጠላል።

የአጎቴ መካኒክ በመላጫ በግምት የነካውን ነገር፣ ዌስሌክ ዕድሜውን ሙሉ በመለኪያ ሲያጠናው የኖረ ሰው ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1897 በእንግሊዝ አገር ኤክሰተር ከተማ ነው። መጀመሪያ የታወቀው በካርቡራተር ሥራው ነበር። ቆየት ብሎ ግን ሌሎች ቸል ያሉትን ጥያቄ ያዘ፤ አየሩ በቫልቩ በኩል ምን ያህል ያልፋል? ቴስታታውን ከሞተሩ ነጥሎ አየር እየነፋበት ይለካል፤ ከዚያ የአየር መግቢያውን ጉሮሮ ይሞርድና እንደገና ይለካል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ለቤንትሌይ የውድድር መኪኖች ጉልበት የጨመረው በዚህ መንገድ ነበር።

ትልቁ ፈተናው በ1930ዎቹ አጋማሽ መጣ። በኋላ ጃጓር የተባለው ድርጅት ባለቤት ዊልያም ላየንስ 70 ፈረስ ጉልበት ገደማ የነበረውን ሞተር እንዲያሻሽልለት ጠየቀው። ዌስሌክ 95 አደርሰዋለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ሞተሩ ሲሞከር ከ100 በላይ ሆነ። በ1948 የወጣው የኤክስኬ ሞተር ቴስታታም የእጁ ሥራ አለበት፤ በዚያ ሞተር ጃጓር ከ1951 እስከ 1957 የሌ ማንን ውድድር አምስት ጊዜ አሸንፏል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ትንሹ ሥራው ነው። በኦስቲን፣ በሞሪስ ማይነርና በሚኒ ላይ የተገጠመው ሞተር ቴስታታ ውስጥ፣ እሳቱ የሚነድበትን ቦታ የልብ ቅርጽ ያስያዘው እሱ ነው። የሀብታም መኪና ብቻ አልሠራም ማለት ነው።

በ1967 ዳን ገርኒ የቤልጂየምን ግራንድ ፕሪ ያሸነፈው በዌስሌክ ድርጅት ሞተር ነው። በ1968ና በ1969 ሌ ማንን ያሸነፈችው ፎርድ ጂቲ40ም የገርኒ-ዌስሌክ ቴስታታ ነበራት። ዌስሌክ በ1978 አረፈ። ዛሬ በእንግሊዝ ጉድዉድ የድሮ መኪኖች ሲወዳደሩ መካኒኮቹ የዘመኑን ሞተር መቀየር ስለማይፈቀድላቸው፣ ጉልበት የሚፈልጉት እሱ ሲሞርድበት በነበረው በዚያው ጉሮሮ ውስጥ ነው።

አጎቴ ቢቸና ሲመለስ መካኒኩ ሁለት ጓርኒሲዮን ደርቦ ገጠመለት። ማንኳኳቱ ቆመ፤ የዳገቱም ጉልበት አብሮ ቀነሰ።