ለጭንጋፎች የተከፈተ ቤት
የማርቲን ኩኒ የሕይወት ታሪክ

ሐዋርያው ጳውሎስ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ የተገለጠላቸውን ሰዎች ሲቈጥር ራሱን ከሁሉ መጨረሻ አድርጎ ጭንጋፍ ብሎ እንደ ጠራ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ የሚያንስ ነገር ስላላገኘ ይመስለናል ይህን ቃል የመረጠው። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ልጅ በብዙ አገር ከሰው አይቈጠርም ነበርና፤ ስም ሳይወጣለት፥ ለቅሶም ሳይደረግለት ይቀበር ነበር። ዛሬ ታሪኩን የምንጽፍላችሁ ሰው ዕድሜውን በሙሉ ለእነዚህ ሕፃናት ቤት ሲከፍት የኖረ ነው። ነገር ግን ሕይወቱ ቀጥ ያለ ሕይወት አይደለምና እንደ ቅዱሳን ገድል አድርገን አናቀርበውም። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ማርቲን ኩኒ በመጀመሪያ ስሙ ሚካኤል ኮን ይባል ነበር። ከአይሁድ ወገን ሆኖ በዲሴምበር 29 ቀን 1869 ክሮቶሺን በምትባል ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ በዚያን ዘመን በፕሩስያ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ዛሬ በፖላንድ ትገኛለች። ገና ወጣት ሳለ በ1888 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ስለ ልጅነቱ ከዚህ የሚበልጥ ለማለት አንደፍርም።

የሥራውን መነሻ ለማወቅ ግን ጥቂት ወደ ፓሪስ መሄድ ያስፈልጋል። ከጊዜው ቀድሞ የወጣ ሕፃን ቆዳው ስስ፥ ከቆዳው በታች ያለው ስብም ጥቂት ስለሆነ የሰውነቱን ሙቀት ሊጠብቅ አይችልም። በደጋ ለምንኖር ለእኛ ብርድ ለጨቅላ ምን እንደሆነ የሚነግረን አያስፈልገንም። ደግሞም ጡት ለመሳብ ኀይል የለውም፤ መሳብንና መዋጥን ከመተንፈስ ጋር ማስማማት ገና አልቻለም። ለትልቅ ሰው ጕንፋን ብቻ የሚሆነው በሽታ ለእርሱ ሞት ሊሆን ይችላል። በ1880 ገደማ በፓሪስ የወላዶች ሆስፒታል የነበረው ሐኪም ስቴፋን ታርንዬ በከተማው የእንስሳት ማሳያ ስፍራ የዶሮ እንቍላል የሚፈለፈልበትን ማሞቂያ አየ፤ ይህን የሚመስል ለሕፃናት እንዲሠራለትም አዘዘ። ብዙ የዓለም ጥበብ ከንጉሥ አዳራሽ ሳይሆን ከዶሮ ቤት መውጣቱ ሊያስደንቀን አይገባም። የታርንዬ ደቀ መዝሙር ፒዬር ቡዳን ሥራውን አስፋፋው፤ ሕፃናቱ ዘወትር እንዲመዘኑና የእናት ወተት እንዲያገኙ፥ እናቶችም ከልጆቻቸው እንዳይርቁ ብዙ ደከመ። ሌላው ፈረንሳዊ አሌክሳንደር ሊዮን ደግሞ ከብረትና ከመስተዋት የተሠራ፥ ሙቀቱን ራሱ የሚያስተካክል ኢንኩቤተር አበጀ። ዋጋው ውድ ስለነበረ ሕፃናቱን በየከተማው በቤት ውስጥ አኑሮ ሊያያቸው ከሚመጣው ሕዝብ የመግቢያ ገንዘብ ይሰበስብ ጀመር።

ኩኒ የያዘው መንገድ ይህ ነው። በ1897 በሎንዶን በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ከአንድ ባልንጀራው ጋር ኢንኩቤተሮቹን አሳየ። በ1898 በኦማሃ፥ በ1901 በበፋሎ ከተማ ደገመው። በ1903 ኒውዮርክ አጠገብ ባለው ኮኒ አይላንድ በሚባለው የባሕር ዳር መዝናኛ ስፍራ ቤት ከፈተ፤ በዚያም 40 ዓመት ያህል በየበጋው ሠራ። የሰርከስ ተጫዋች፥ ቋሊማ ሻጭ፥ የሚሽከረከር ፈረስ ባለበት በዚያ ጫጫታ መካከል፥ ከመስተዋቱ በስተኋላ ክብደታቸው አንድ ኪሎ ያህል የሆነ ሕፃናት ተኝተው ነበር።

እንዲህ ባለ ስፍራ ስለ ምን አኖራቸው ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ሆስፒታሎቹ ስላልተቀበሏቸው ነው። በዚያን ዘመን በአሜሪካ እነዚህን ሕፃናት ለማሳደግ የተዘጋጀ ሆስፒታል እጅግ ጥቂት ነበረ። ደካማ ሆኖ የተወለደ እንዲሞት መተው ለሕዝብ ይሻላል የሚሉ የተማሩ ሰዎችም ነበሩ፤ በየአውራጃው ትርኢት ወፍራምና ጤነኛ ሕፃን እየተመረጠ ሽልማት ይሰጠው ነበር። ስለዚህ ሐኪሞቹ ራሳቸው ተስፋ የቈረጡበትን ሕፃን ወደ ኩኒ ይልኩ ነበር። እርሱም ከወላጆቹ አንድ ሳንቲም አልተቀበለም፤ ዘርና ሃይማኖትም አልለየም። በ1903 ገደማ አንድ ሕፃን ለማቈየት በቀን 15 ዶላር ያህል ይወጣ ነበር። ይህን ሁሉ የከፈለው መስተዋቱን ለማየት የመጣው ተመልካች ነው፤ መግቢያው በኋላ ዘመን 25 ሳንቲም ነበር።

ከኩኒ ስም ይልቅ ሊነገር የሚገባው ግን የነርሶቹ ሥራ ነው። አለቃቸው ማዳም ሉዊዝ ሬክት የምትባል ፈረንሳዊት ነበረች። ሕፃን ሲመጣ ይታጠባል፥ በአልኮል ይታሻል፥ ይጠቀለላል፥ ወደ ሞቀው ሣጥን ይገባል። በየሁለት ሰዓቱ ነርሷ ከሣጥኑ አውጥታ ወደ መመገቢያው ክፍል ትወስደዋለች። ጡት መሳብ የሚችለውን በደመወዝ የተቀጠሩ አጥቢ ሴቶች ያጠቡታል፤ የማይችለውን ነርሷ በጠባብ ማንኪያ ወተቱን በአፍንጫው በኩል ጠብታ በጠብታ ታወርድለታለች። ይህን የሠራች ሴት ብቻ ታውቀዋለች፦ ብትቸኵል ወተቱ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ብትዘገይ ሕፃኑ ይበርደዋል። ከዚያ መልሳ ታስተኛዋለች፤ እርሱን ሳትጨርስ የሚቀጥለው ሰዓቱ ይደርሳል። ቀንም ሌሊትም እንዲሁ ነው። ነጭ ልብሳቸው የታጠበና የተተኰሰ፥ ክፍሉም ንጹሕ እንዲሆን ኩኒ አጥብቆ ያዝ ነበር። አጥቢዋ ሴት ከመንገድ ቋሊማ ገዝታ ስትበላ ወይም ስትጠጣ ከተገኘች በዚያው ቀን ትሰናበታለች። የሚስቱ የማዬ ሥራም ነርስነት ነበር። በ1907 የተወለደችላቸው ልጃቸው ሂልደጋርድ ራስዋ ከወርዋ ቀድማ መጣች፤ በአባትዋ ኢንኩቤተር አደገች፥ በኋላም ነርስ ሆና በዚያው ቤት የሌሎችን ልጆች አገለገለች። ሌላውን ሁሉ ብንረሳ እንኳ ይህችን ሴት አንረሳም።

በሜይ 27 ቀን 1911 ሌሊት በኮኒ አይላንድ ድሪምላንድ የሚባለው ክፍል በእሳት ጋየ። የሕፃናቱ ቤት በዚያ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ሕፃናቱ አልቀዋል የሚል ወሬ በጋዜጣ ወጣ። እውነቱ ግን ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ታቅፈው አውጥተዋቸው ነበር፤ በአቅራቢያው ወዳለው ወደ ሌላው የኩኒ ቤትም ተወሰዱ። ከእነርሱ አንድም አልጠፋም።

እንግዲህ ወደ ሚያስቸግረው ነገር እንምጣ። ሕፃናቱን ለገንዘብ ማሳየት ነውር ነው ብለው የከሰሱት ብዙዎች ነበሩ፤ ክሱም ከንቱ አልነበረም። በ1904 በሴንት ሉዊስ በተደረገው የዓለም ትርኢት ሌሎች ሰዎች የእርሱን አይተው እንዲህ ያለ ቤት ከፍተው ነበር፤ በእንክብካቤ ጉድለት በተነሣ ተቅማጥ ብዙ ሕፃናት ሞቱ። ኩኒም ቢሆን ሕዝብ እንዲደነቅ ለሕፃናቱ ከልካቸው የሚበልጥ ልብስ ያስለብሳቸው ነበር፤ ማዳም ሬክትም የጣትዋን ቀለበት በሕፃኑ ክንድ ላይ አሳልፋ ታሳይ ነበር። ይህን ስናነብ ልባችን ደስ አይለውም። ሕፃኑ ፈቃዱን አልሰጠምና።

ከዚህ የሚበልጥም አለ። ኩኒ ራሱን ዶክተር ብሎ ይጠራ ነበር፤ በበርሊንና በላይፕሲግ ተምሬአለሁ፥ የቡዳን ደቀ መዝሙር ነኝ እያለም ያወራ ነበር። ከሞተ በኋላ ታሪኩን የመረመሩ ሰዎች ግን የሕክምና ማዕርግ እንደ ነበረው የሚያስረዳ ጽሑፍ አላገኙም። በ18 ዓመቱ አሜሪካ የደረሰ ሰው በጀርመን ያን ሁሉ ትምህርት ፈጽሞ ነበር ለማለት ይከብዳል። በ1910 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ሥራው የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ ሐኪም ተባለ። ሐኪሞች አብረውት ይሠሩ ነበር፤ የእርሱ ማዕርግ ግን በሐሰት የተያዘ ይመስላል።

ዕብራውያን አዋላጆች ሲፓራና ፉሐ ለፈርዖን ስለ ሰጡት መልስ የጥንት አባቶች ብዙ ጽፈዋል። አውጉስጢኖስ እግዚአብሔር መልካም ያደረገላቸው ስለ ሐሰታቸው ሳይሆን ስለ ርኅራኄያቸው ነው ብሎ አስተምሯል። እኛም ስለ ኩኒ ከዚህ የተሻለ ፍርድ አናውቅም። ነገር ግን አዋላጆቹን ያስጨነቃቸው ሰይፍ ነበር፤ እርሱን ግን ማንም ሰይፍ አልመዘዘበትም። ምናልባት ዶክተር ባይባል ኖሮ ማንም እናት ልጅዋን አትሰጠውም ነበር። ይህን ማለት ምክንያቱን ማስተዋል ነው እንጂ ሐሰቱን ማጽደቅ አይደለም። እርሱ እንደ ተናገረው ወደ 8,000 ሕፃናት ተቀብሎ ከእነርሱ 6,500 ያህሉን አድኖአል፤ ቍጥሩ የራሱ ቍጥር ስለሆነ አንባቢ በዚያው መጠን ይቀበለው። ጥቂት አብዝቶትም ቢሆን እንኳ፥ የማዕርግ ወረቀት የነበራቸው የላኳቸውን ነው ያዳነው።

ማዕርጋቸው እውነተኛ የሆነ ሐኪሞችም በጊዜው አወቁለት። የቺካጎው የሕፃናት ሐኪም ጁልየስ ሄስ በ1922 ስለ እነዚህ ሕፃናት ባሳተመው መጽሐፍ ኩኒን አመስግኖታል። በዚያው ዓመት ሄስ በሳራ ሞሪስ ሆስፒታል ልዩ ክፍል ከፈተ፤ የክፍሉም ኀላፊ ኤቭሊን ላንዲን የምትባል ነርስ ሆነች። እርስዋ በሥራዋ እጅግ ጥብቅ ነበረች። በ1941 ከሄስ ጋር ያወጣችው መጽሐፍ የሐኪሙንና የነርሷን ሥራ ጐን ለጐን ያስተምራል። ዛሬ በየአገሩ በሆስፒታል ያለው የጨቅላ ሕፃናት ልዩ ክፍል፥ ነርስ ሌሊቱን ሙሉ በሣጥኑ አጠገብ የምትቆምበት፥ ከእነዚህ ሰዎች ሥራ የተወለደ ነው።

በ1933 በቺካጎ የዓለም ትርኢት ሲደረግ ኩኒ ሄስን ረዳት አድርጎ እንደገና ሕፃናቱን አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት በጁላይ 25 ቀን ያደጉት እንዲመለሱ ተጠሩ፤ ከ58ቱ 41 ከእናቶቻቸው ጋር መጡ። ያን ቀን በአዳራሹ የነበረውን የልጆች ጩኸት ለመገመት አያዳግትም። ሚስቱ በ1936 ሞተችበት። በ1939 በኒውዮርክ የዓለም ትርኢት የከፈተው ቤት ገንዘቡን በላው። በ1943 ከተማው ራሱ በሆስፒታል እንዲህ ያለ ክፍል ሲያገኝ የኮኒ አይላንዱን ቤት ዘጋ፤ ሥራዬ ተፈጽሟል ብሎ ነበር ይባላል። በማርች 1 ቀን 1950 በ80 ዓመቱ በድህነት አረፈ፤ ነርሷ ልጁም በ1956 ተከተለችው።

ከኮኒ አይላንዱ ቤት የወጣች አንዲት ሴት በሸመገለች ጊዜ ያወራችው አለ። በተወለደች ጊዜ ሆስፒታሉ አትኖርም ብሎ ነበር፤ አባትዋ በፎጣ ጠቅልሎ በታክሲ ወደ ኩኒ አመጣት። ካደገች በኋላ አንድ ቀን ቤቱን ልታይ ሄደች፤ ማንነትዋንም ለሽማግሌው ነገረችው። በዚያን ሰዓት አንድ ሰው በመስተዋቱ ፊት ቆሞ ትንሽ ልጁን ይመለከት ነበር። ኩኒ ወደ ሰውዬው ሄደ፤ ትከሻውን ነክቶ እንዲዞር አደረገው፤ እርስዋንም አሳየው።