ቴዎፍሎስ ዋልድማየር እና የጋፋት የፕሮቴስታንት ማኅበር (1859–1868 እ.ኤ.አ.)

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ የምትገኘው ጋፋት በታሪክ ጽሑፎች ዘንድ የምትነሣው በአብዛኛው ከዐፄ ቴዎድሮስ መድፎች ጋር ተያይዛ ነው። መድፎቹን የሠሩት ሰዎች ግን ብዙዎቹ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ወንጌል ለማስተማር ነበር። ማኅበሩ እንዴት እንደኖረና ለምን ሥር ሳይሰድድ እንደቀረ ለመረዳት የቴዎፍሎስ ዋልድማየር ሕይወት ጥሩ መነሻ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋልድማየር በ1832 በስዊዘርላንድ ከካቶሊክ ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ፕሮቴስታንት እምነት ከገባ በኋላ በባዝል አቅራቢያ በሚገኘው የቅድስት ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ። ትምህርት ቤቱ በእጅ ሙያቸው እየኖሩ የሚያስተምሩ ምእመናንን ያዘጋጅ ነበር። ቀደም ሲል ኢትዮጵያን ያዩት የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባትም ለዚህች አገር የመረጡት ይህንኑ መንገድ ነበር። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ቀድመው መጡ፤ ዋልድማየርና ሳልሙለር በ1859 ተከተሏቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ የፈለጉት ባለሙያ እንጂ ሰባኪ አልነበረም። አቡነ ሰላማም ቢሆኑ ለሚስዮናውያኑ የፈቀዱት በቤተ እስራኤል መካከል እንዲያስተምሩ ብቻ ሲሆን፣ አምኖ የሚመጣው ሁሉ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ የሚል ግዴታ አክለውበታል። ይህ ግዴታ በጋፋት ላይ የነበረው ውጤት ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። ማኅበሩ የራሱ ጥምቀት ስላልነበረው በአገሬው ሰው አባላቱን ማብዛት አልቻለም፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የቤተሰብ ማኅበር ሆኖ ቀረ።

ዋልድማየር በመጣበት ዓመት መገባደጃ ላይ ሱዛን ቤልን አገባ። አባቷ ጆን ቤል የንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ወዳጅ የነበረ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። ሳልሙለርም የቤልን ሌላ ልጅ አገባ። በዚህ ጋብቻ ማኅበሩ በአገሬው ዝምድና ውስጥ ገባ፤ የቤተ መንግሥቱንም ጥላ አገኘ። ቤል በ1860 በውጊያ ላይ ንጉሡን ሲከላከል ሞተ፤ አማቾቹ ግን ሞገሳቸው አልተነፈጋቸውም።

የጋፋት የዕለት ኑሮ በወናፍና በመዶሻ ዙሪያ ይሽከረከር ነበር። አንጥረኛ በጠይብነትና በቡዳነት በሚታማበት አገር፣ ብረት እየቀጠቀጡ ቅዱስ መጽሐፍ የሚያነቡ ነጮች ለአካባቢው ሰው እንግዳ ነገር ሳይሆኑ አልቀሩም። በጋፋት ወጣቶች ሙያ ተማሩ፤ ሕፃናትም ፊደል ቆጠሩ። ለንባቡ በአቡ ሩሚ ተተርጉሞ በ1840 የታተመው የዐማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረ። የማኅበሩ ጥንካሬ እዚህ ላይ ይመስላል፤ ድካሙም ከዚሁ አይርቅም፤ አውደ ጥናቱ የንጉሥ ነበርና።

ንጉሠ ነገሥቱ መንገድና የጋሪ ሥራ ካዘዙ በኋላ መድፍ ጠየቁ። ባለሙያዎቹ መድፍ መሥራት እንደማይችሉ ቢያመለክቱም ምክንያታቸው ተቀባይነት አላገኘም። ከሚስዮኑ ወገን ያልነበረው ሞሪትዝ ሆልም በሥራው ተካፈለ። ሙከራዎች ከከሸፉ በኋላ መድፍ መሥራት ተቻለ፤ በመጨረሻም ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚገመተው ሴባስቶፖል ተወለደ። ዋልድማየር ይህን ሥራ በደስታ የተቀበለ ሰው አልነበረም። ሆኖም እምቢ ማለት ሚስትንና ልጆችን፣ ትምህርት ቤቱንና ሠራተኞቹን ሁሉ ለቁጣ ማጋለጥ ነበር። ኋላ ላይ በመቅደላ በሰንሰለት የታሰሩት አውሮፓውያን አንዳንዶቹ የጋፋትን ሰዎች ለንጉሡ አብዝተው አድረዋል ሲሉ ወቅሰዋቸዋል። ወቀሳው ከፊል እውነት ቢኖረውም፣ የጋፋት ሰዎች ሰንሰለት አይታይባቸው እንጂ ነጻ እንዳልነበሩ ይዘነጋል። ፍላድ በ1866 ወደ እንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ሲላክ ሚስቱና ልጆቹ በመያዣነት ቀርተዋል።

በ1867 ጋፋት ተለቀቀች፤ ባለሙያዎቹም ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። በጂዳና በበሽሎ ሸለቆዎች መንገድ እየተጠረገ ሴባስቶፖልን መጎተት ወራት ፈጀ፤ ዋልድማየርም ከነቤተሰቡ ከጉዞው ጋር ነበረ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል።

ሚያዝያ 13 ቀን 1868 ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ጄኔራል ናፒየር አውሮፓውያኑን ሁሉ ከነቤተሰቦቻቸው ይዞ ወጣ። በዚህም የጋፋት ማኅበር አበቃ። በደምቢያ ጄንዳ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በፍላድ እጅ ያደገውና በቅድስት ክሪሾና የተማረው ቤተ እስራኤላዊው ሚካኤል አረጋዊ በ1870ዎቹ ተመልሶ፣ የውጭ ሚስዮናዊ ባልነበረበት ዘመን ሥራውን ለበርካታ ዓመታት መራ። በጄንዳ መድፍም የንጉሥ ሞገስም አልነበረም፤ ነገር ግን ሥራው በአገሬው ሰው እጅ ነበረ።

ዋልድማየር ወደ ሶርያና ሊባኖስ ምድር ተሻገረ። በ1869 የኢትዮጵያ ትዝታውን በጀርመንኛ አሳተመ፤ በ1873 ከኩዌከሮች ጋር የብሩማናን ትምህርት ቤት መሠረተ። በስተርጅናውም ለአእምሮ ሕሙማን የሚሆን ሆስፒታል ለማቋቋም ከአገር አገር እየዞረ ገንዘብ አሰባሰበ፤ ሆስፒታሉም ከቤይሩት አጠገብ በአስፉሪዬ ሥራ ጀመረ። ዋልድማየር በ1915 ዐረፈ።