ኤርዊን ስሚዝ እና የድንች አጠውልግ

ድንች አዳቃዮች በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ለመምረጥ ችግኞቻቸውን ሆን ብለው በባክቴሪያ ሲለክፉ፣ የሚከተሉት ዶክተር ኤርዊን ፍሪንክ ስሚዝ የቀደዱትን መንገድ ነው።

ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1854 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ተወለዱ፤ በ1886 በዩናይትድ ስቴትስ እርሻ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ በ1889 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። የመጀመሪያ ጥናታቸው፣ የኮክ ዛፍ ቢጫ በሽታ፣ ብዙ ዓመት ፈጅቶ መንሥኤውን ሳያስገኝላቸው ቀረ።

በ1896 ግን ድንችንም ቲማቲምንም የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ አገኙ። ከታመመው ተክል ለይተው ለብቻው አራቡት፤ በመርፌ ወደ ጤነኛው ቢያስገቡት እርሱም ጠወለገ። ዛሬ ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም የሚባለው ይኸው ነው።

የላይፕሲጉ የዕፀዋት ሊቅ አልፍሬድ ፊሸር ግን ባክቴሪያ ወደ ተዘጋ የተክል ሕዋስ ሊገባ ስለማይችል በሽታ አያመጣም ሲሉ ጻፉ። የጀርመን ሳይንስ በገነነበት በዚያ ዘመን አንድ አሜሪካዊ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ለመቃወም ድፍረት ያስፈልገው ነበር። ስሚዝ እስከ 1901 በዘለቀው ክርክር፣ ባክቴሪያ የተክሉን የውኃ መተላለፊያ ሲሞላ የሚያሳዩ ፎቶግራፎችን ጭምር በማስረጃነት አቀረቡ። ቆየት ብለው ስለ ተክል ባክቴሪያ ሦስት ታላላቅ ጥራዞች አሳትመዋል፤ ለአዳቃይ ግን፣ በእኔ ግምት፣ ክርክሩ ይበልጣል። ጠላቱ በውል ሳይታወቅ ዝርያን ከዝርያ ማመዛዘን አስቸጋሪ ነውና።

ስሚዝ በ1927 አረፉ። ሶላነም ፉሬጃ ከተባለው የኮሎምቢያ ድንች የተገኘው የመቋቋም ባሕርይ የታወቀው ከእርሳቸው በኋላ ነው፤ እርሱም ሙቀት ሲበረታ ይከዳል።