የአሳማ ጋጣና የሳይንስ ሊቅ፤ የዶክተር ሪቻርድ ሾፕ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ሪቻርድ ሾፕ በ1901 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ተወለዱ። የሐኪም ልጅ ስለ ነበሩ በአባታቸው ፈለግ ሄደው በ1924 ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ሆኖም ስማቸውን ያስጠራው የሰው ሆስፒታል ሳይሆን የአሳማ ጋጣ ነው።

በኢትዮጵያ የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ በ1918 ዓለምን ሲያጠቃ፣ የአዮዋ አሳማዎችም በሳልና በትንፋሽ ማጠር ተያዙ። ኮን የተባሉ የእንስሳት ሐኪም ሁለቱ በሽታዎች አንድ ናቸው ባሉ ጊዜ፣ ገበያቸው እንዳይበላሽ የሰጉ አርቢዎች ተቆጡ።

ሾፕ በ1928 ከሮክፌለር ኢንስቲትዩት ወደ አዮዋ ሄደው ይህንኑ በሽታ አዩ። ከአለቃቸው ከፖል ሉዊስ ጋር ሆነው ከታመሙት አሳማዎች አንድ ባክቴሪያ ለዩ፤ ምክንያቱም የተገኘ መሰለ። ዳሩ ግን ባክቴሪያው ብቻውን ጤነኛውን አሳማ አላሳመመም። ሉዊስም በ1929 ብራዚል ውስጥ ቢጫ ወባን ሲያጠኑ በዚያው በሽታ ሞቱ።

ብቻቸውን የቀሩት ሾፕ፣ ከታመመ አሳማ ሳንባ የተገኘውን ፈሳሽ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጣርተው በጤነኛ አሳማ አፍንጫ ጨመሩት። እንስሳው በቀላሉ ታመመ። ቫይረሱና ባክቴሪያው አንድ ላይ ሲሰጡ ግን ብርቱው በሽታ ተነሣ። ይህ በ1931 ታተመ፤ በ1933 ደግሞ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለዩ።

ሾፕ ቀጥለው ቫይረሱ በአፍንጫ ሳይሆን በጡንቻ ሲወጋ አሳማው ሳይታመም የመከላከል ኃይል እንደሚያገኝ አሳዩ። ለክትባት የሚያደርሰው መንገድ በዚህ ታየ። የሰው ደም ሲመረመርም፣ የአሳማውን ቫይረስ የሚያከሽፍ ኃይል በአዋቂዎች ደም ሲገኝ በሕፃናት ደም ግን እምብዛም አልታየም። ይህም አዋቂዎቹ ከዚያ በፊት ተመሳሳይ ቫይረስ እንዳገኛቸው የሚጠቁም ስለ ነበር የኮንን ሐሳብ አጠናከረ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሾፕ በካናዳ ግሮስ ኢል ደሴት የከብት ደስታ በሽታን ክትባት ለማዘጋጀት ሠሩ። የበሽታው ቫይረስ በዶሮ እንቁላል እየተዛመተ እንዲዳከም ተደረገ። ይህ በሽታ በኢትዮጵያ በክፉ ቀን ዘመን በሬውን ፈጅቶ ገበሬውን ለረኀብ የዳረገው ነው። ከዚያ በኋላ በተሠሩ የተሻሉ ክትባቶች ከምድር መጥፋቱ በ2011 ታወጀ።

ሾፕ በ1966 አረፉ። የሥራቸው ትልቁ ትምህርት፣ የመጀመሪያው መልስ አጥጋቢ ቢመስልም በፈተና ካልጸና እንደገና መመርመር እንደሚገባው ማስተማሩ ነው።