የከበሮ መቺው የቺክ ዌብ ሕይወት

ታላላቅ ሰዎች ሲነሡ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የንጉሥ፥ የጦር አለቃ ወይም የሊቅ ስም ነው። ነገር ግን ከእጁ ሥራ በቀር ሌላ ሀብት ሳይኖረው በትዕግሥትና በልምምድ ከፍ ካለ ደረጃ የደረሰ ሰው ታሪኩ ቢነገር ለሰሚው ይጠቅማል። እንደዚህ ካሉት ሰዎች አንዱ በአሜሪካ አገር የተወለደው ከበሮ መቺ ዊልያም ሄንሪ ዌብ ነው። ዓለም የሚያውቀው ግን ቺክ ዌብ በሚባለው የቅጽል ስሙ ነው፤ ቺክ ማለት በእንግሊዝ ቋንቋ ጫጩት ማለት ሲሆን፥ ይህ ስም የወጣለት ስለ ሰውነቱ ማነስ ነው። ጀርባው የጐበጠ፥ ቁመቱም ከአራት ጫማ እምብዛም ያልበለጠ ሰው ነበረ፤ ሆኖም በእጁ ፍጥነትና ጥራት በዘመኑ የሚስተካከለው ጥቂት እንደ ነበረ ተወዳዳሪዎቹ ሳይቀሩ መስክረውለታል።

ቺክ ዌብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓመት፥ ሜሪላንድ በሚባለው ክፍለ አገር በባልቲሞር ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ፥ ሳንባን የሚጐዳው የነቀርሳ በሽታ የጀርባ አጥንቱን ያዘው። በዚያን ዘመን ለዚህ ደዌ ፍቱን መድኃኒት አልነበረም፤ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት የተገኘው በ1943 ዓመት፥ እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። ስለዚህ አከርካሪው ጐብጦ ቀረ፥ ቁመቱም ሳያድግ ቆመ፥ እጅና እግሩም እንደ ልብ አልታዘዘውም። በዚህ ጊዜ አንድ ሐኪም የደነደነው አካሉ እንዲፍታታ ከበሮ መምታት ቢለማመድ እንደሚበጀው መከረ ይባላል። ልጁም ምክሩን በደስታ ተቀበለ፤ ቤተ ሰቡ ግን ድኾች ስለ ነበሩ ከበሮ የሚገዛለት አልተገኘም። በመጀመሪያ ድስትና መክደኛ እየመታ ቆየ፤ ከዚያም በየጐዳናው ጋዜጣ እየሸጠ ሳንቲሙን አጠራቅሞ የመጀመሪያውን ከበሮ በላቡ ገዛ። ለሕክምና ተብሎ የተጀመረው ነገርም የሕይወቱ ሥራ ሆነ።

የዚህ ሰው ጥበብ እንዲታወቅ የሥራውን ጠባይ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚመታው በባዶ እጅ ነው። ቺክ ዌብ ይመታው የነበረው ግን ከወታደር ታምቡር የመጣ ሲሆን፥ የሚመታውም በሁለት ቀጫጭን የእንጨት መምቻዎች ነው። ጥንት ታምቡሩ ከወታደሩ ትከሻ በጠፍር ተንጠልጥሎ በግራ ጐኑ ያዘነብል ነበር። ስለዚህ ቀኝ እጅ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ መምቻውን ሲይዝ፥ ግራ እጅ ደግሞ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሥር መካከል ያስቀምጠዋል። ከበሮው በማቆሚያ ላይ መቀመጥ ከጀመረ በኋላም ብዙዎች ይህን የጥንት አያያዝ አልተዉም፤ ቺክ ዌብም የሚይዘው እንዲሁ ነበረ።

በዚህ ሥራ ጀማሪን ሁሉ የሚያሰናክል አንድ ነገር አለ። ቶሎ ልምታ ሲል ክንዱን ያጠነክራል፥ መምቻውንም ጨምድዶ ይይዛል፥ ትከሻውንም ወደ ጆሮው ይሰቅላል። በዚህ ዓይነት ጥቂት ጊዜ ይሮጣል፤ ወዲያው ግን ክንዱ ይዝላል፥ ምቱም ይዘበራረቃል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የትከሻና የክንድ ጡንቻ ለከባድ ሥራ የሚስማማ ነው፤ ክንድን ሙሉውን ባንድ ሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ማንሣትና መጣል ግን ፈጥኖ ያደክመዋል። የእጅ አንጓ ከክንድ ይልቅ ቀላል ነው፤ ጣት ደግሞ ከአንጓ ይልቅ ቀላል ነው። ስለዚህ ምቱ እየፈጠነ ሲሄድ ሥራው ከትከሻ ወደ ክርን፥ ከክርን ወደ አንጓ፥ ከአንጓም ወደ ጣት መውረድ ይገባዋል።

ከዚህም ሌላ የተወጠረ ቆዳ የመታውን መምቻ መልሶ ወደ ላይ ያነጥረዋል። መምቻውን ጨምድዶ የያዘ ሰው ይህን ያለ ዋጋ የተሰጠውን ንጥረት አፍኖ ይገድለዋል፤ ከዚያም በራሱ ድካም እንደገና ያነሣዋል። አዋቂው ግን መምቻውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል እንደ ሚዛን አንጠልጥሎ፥ የቀሩትን ጣቶች ያላላል። አንጓው አንድ ጊዜ ሲወርድ መምቻው ይመታና ይነጥራል፤ በዚያች ቅጽበት ጣቶቹ በቀስታ ሲከደኑ እንደገና ይወርዳል። በአንድ የአንጓ እንቅስቃሴ ሁለት ድምፅ ተገኘ ማለት ነው። ይህን በቀኝና በግራ እያፈራረቀ ሲያፋጥነው፥ ምቱ ተለያይቶ መሰማቱ ቀርቶ እንደ ዝናም ድምፅ የተያያዘ ይሆናል። የታምቡር መቺ ብልሃት ሁሉ መሠረቱ ይህ ነው።

ይህ ብልሃት በአንድ ቀን አይገኝም፤ በችኮላም አይገኝም። በቺክ ዌብ ዘመን የአሜሪካ ታምቡር መቺዎች በ1933 ዓመት ማኅበር አቋቁመው፥ ተማሪ ሁሉ ሊያውቃቸው የሚገባቸውን 13 መሠረታዊ የአመታት ዓይነቶች ወሰኑ፤ በኋላም ሌላ 13 ጨምረው 26 አደረጓቸው። በ1935 ዓመት ደግሞ የቦስተን ከተማ መምህር ጆርጅ ሎውረንስ ስቶን ስለ መምቻ አገዛዝ አንድ የልምምድ መጽሐፍ አወጣ። ተማሪው እያንዳንዱን መልመጃ ሳያቋርጥ 20 ጊዜ እየደጋገመ፥ አካሉን አላልቶ፥ ቀኝና ግራው እኩል እስኪሆኑ ድረስ እንዲሠራ መጽሐፉ ያዝዛል። መንገዱ አስቀድሞ በዝግታ አስተካክሎ መምታት፥ ከዚያም ጥቂት በጥቂት ማፋጠን፥ እጅ ሲጠነክር ወይም ሲያም ቆም ብሎ ወደ ዝግታው መመለስ ነው። በዝግታ ያልተስተካከለ ምት ሲፈጥን ጉድለቱ ይገለጣል እንጂ አይሸፈንም።

ቺክ ዌብ ግን የሙዚቃ ጽሕፈት ማንበብ አያውቅም ነበር። ጓዱ የሚጫወተውን ዜማ ሁሉ በጆሮው ሰምቶ በልቡ ይይዝ ነበር፤ የእያንዳንዱን ተጫዋች ክፍል ለይቶ ስለሚያውቅ ማን የት እንደ ተሳሳተ ወዲያው ይነግረው ነበር። ሰፊ ትከሻና ረጅም ክንድ ያልተሰጠው ሰው እንደ መሆኑ፥ ሌሎች በጉልበት የሚያደርጉትን እርሱ በእጁ ብልሃት ማድረግ ነበረበት። ለቁመቱ እንዲስማማ በመካከል ከፍ ያለ መድረክ ይሠራለት ነበር፤ ትልቁን ከበሮ በእግሩ የሚመታበት መርገጫም ለእግሩ ልክ ተበጅቶለት ነበር። ያ ትልቅ ከበሮ ወርዱ 28 ኢንች ስለ ነበረ፥ ተመልካች ከሩቅ ሲያየው ሰውየው ከከበሮው በላይ ራሱ ብቻ ብቅ ያለ ይመስለው ነበር። መምታት ሲጀምር ግን ስለ ቁመቱ የሚያስብ አልነበረም።

ወደ ሥራ የገባው በወጣትነቱ ነው። ከጓደኛው ከጊታር ተጫዋቹ ከጆን ትሩሃርት ጋራ ሆኖ፥ በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ሽርሽር በሚወስዱ መርከቦች ላይ ይጫወት ነበር። ከዚያም ሁለቱ ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ። በ1926 ዓመት ዱክ ኤሊንግተን ረድቶት የራሱን የሙዚቃ ጓድ መምራት ጀመረ። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሥራ አንዳንድ ጊዜ የሚገኝባቸው፥ አንዳንድ ጊዜም የሚጠፋባቸው ነበሩ። በ1931 ዓመት ግን በሐርለም በነበረው ሳቮይ በሚባለው የዳንስ አዳራሽ ጓዱ ቋሚ ስፍራ አገኘ። ይህ አዳራሽ በ1926 ተከፍቶ በ1958 የተዘጋ ሲሆን፥ ጥቁርና ነጭ ሳይለይ ሁሉንም የሚያስገባ ስለ ነበረ በዚያ ዘመን በአሜሪካ እንደ ብርቅ ይታይ ነበር። የሳቮይ ዳንሰኞች እጅግ ፈጣን ሙዚቃ ይወዱ ነበር፤ ከበሮው ትንሽ ቢዘገይ ወይም ቢቸኩል እግራቸው ወዲያው ያውቀዋል። ቺክ ዌብ ሌሊት ከሌሊት ይህን ፍጥነት ሳያዛንፍ መያዝ ግዴታው ሆነ።

ዝናው ከፍ ያለው በ1937 ዓመት በግንቦት 11 ቀን ነው። በዚያ ዘመን የሙዚቃ ጓዶች በአንድ አዳራሽ ተገናኝተው በተራ እየተጫወቱ በሕዝብ ፊት ይወዳደሩ ነበር። በዚያች ሌሊት ወደ ሳቮይ የመጣው በመላው አሜሪካ ስሙ የገነነው የቤኒ ጉድማን ጓድ ሲሆን፥ ከበሮ መቺውም ጤናማና መልከ መልካም የሆነው ወጣት ጂን ክሩፓ ነበር። 4000 ያህል ሰው ወደ አዳራሹ ገባ፤ ሌላ ብዙ ሺህ ሰው ስፍራ አጥቶ ከደጅ ተመለሰ። ውድድሩ ሲያልቅ ሕዝቡ ድሉን ለሳቮዩ ጓድ ሰጠ። ጂን ክሩፓም ለተሸነፈለት ሰው በአክብሮት እጅ ነሣ፤ ከዚያም ወዲያ በሕይወቱ ሳለ ከቺክ ዌብ የሚበልጥ ሰው እንዳላሸነፈው ከመናገር አልተቈጠበም። በሚቀጥለው ዓመት በጥር ወር ደግሞ የካውንት ቤዚ ጓድ እንዲሁ ሊወዳደረው ወደ ሳቮይ መጣ።

ቺክ ዌብ የራሱን እጅ ብቻ የሚያስብ ሰው አልነበረም። በ1935 ዓመት እናቷ የሞተችባትንና በድህነት የነበረችውን ወጣት ኤላ ፊትዝጀራልድን ወደ ጓዱ አስገባት። መጀመሪያ አመንትቶ ነበር፤ ድምፅዋን ከፈተነ በኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠ። በ1938 ዓመት ከሕፃናት ጨዋታ በተወሰደ ዜማ አብረው የሠሩት ሸክላ በአሜሪካ ከሁሉ በላይ ተሸጠ፤ ኤላም በኋላ በዓለም ሁሉ የታወቀች ዘፋኝ ሆነች።

ነገር ግን ደስታው በበዛበት በዚያው ዓመት ደዌው በረታበት። ጊዜው ሥራ የጠፋበት የችግር ዘመን ስለ ነበረ፥ ጓዱ ቢበተን ተጫዋቾቹ እንጀራቸውን ያጣሉ ብሎ ጉዞውን ማቋረጥ እንቢ አለ። በሕዝብ ፊት ሕመሙን ደብቆ ይመታ ነበር፤ ከመድረክ ከወረደ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ራሱን እየሳተ ይወድቅ ነበር። እጁን ባለማስጨነቅ ጥበብን ያገኘ ሰው ለቀረው ሰውነቱ ዕረፍትን መስጠት አልቻለም፤ ያልቻለበትም ምክንያት የሌሎች ሰዎች ኑሮ በእርሱ ላይ በመንጠልጠሉ ነው። በመጨረሻም በተወለደበት በባልቲሞር ከተማ ጆንስ ሆፕኪንስ በሚባለው ሆስፒታል ገብቶ፥ በ1939 ዓመት በሰኔ 16 ቀን በተወለደ በ34 ዓመቱ ዐረፈ። የቀብሩ ጸሎት ዋተርስ በምትባለው ቤተ ክርስቲያን ሲደረግ የከተማው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ኤላ ፊትዝጀራልድም በዚያ ዘመረች።

ከሞተ በኋላ ጓዱ ወዲያው አልተበተነም፤ ኤላ እስከ 1942 ዓመት መራችው። ለባልቲሞር ድኾች ልጆች የሚሰበሰቡበት ስፍራ እንዲሠራላቸው ይመኝ ስለ ነበረ፥ በ1940 ዓመት በስሙ የሙዚቃ በዓል ተደርጎ ገንዘብ ተሰበሰበ፤ በ1947 ዓመትም በእርሱ ስም የተጠራው የልጆችና የወጣቶች መሰብሰቢያ ቤት ተከፈተ። ጋዜጣ እየሸጠ ከበሮ የገዛው ልጅ፥ ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ልጆች ደጅ ከፈተላቸው። በሥራውም በኩል ጂን ክሩፓ፥ ባዲ ሪችና አርት ብሌኪን የመሰሉ ስመ ጥር ከበሮ መቺዎች እርሱን አብነት አድርገው ተከትለውታል።

ዛሬ በሙዚቃ ትምህርት ቤት መምቻ የሚይዝ ተማሪ ሁሉ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር አያያዝህን አላላ፥ በዝግታ ጀምር፥ ቀኝና ግራህን አስተካክል የሚል ነው። ለወጣት ይህ ምክር አሰልቺ ይመስለዋል፤ እጁ ቶሎ እንዲሮጥለት ይፈልጋልና። የቺክ ዌብ ሕይወት ግን የምክሩን እውነተኛነት ያስረዳል። የጐበጠ ጀርባና አጭር ክንድ ይዞ፥ ሌሎች በኃይል የሚሹትን ፍጥነት እርሱ በታዛዥ አንጓና በነቃች ጣት አገኘው። የጐደለውን አካል እያየ ቢያዝን ኖሮ በባልቲሞር ጐዳና ጋዜጣ ሲሸጥ በቀረ ነበር፤ የተሰጠውን ትንሽ ነገር ዕለት ዕለት በማሠልጠኑ ግን ስሙ ከዕድሜው ይልቅ ረዘመ።