ዐፄ ገላውዴዎስና የፈረሰን አገር መልሶ ማቆም

በየካቲት ወር 1535 ዓ.ም. ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፥ ወይና ደጋ በተባለው ስፍራ የተደረገው ውጊያ የአንድ ቀን ውጊያ ነበር። ሆኖም ለዐሥራ አራት ዓመታት አገሪቱን ሲያናውጥ የኖረው ጦርነት በዚያ ቀን አቅጣጫውን ለወጠ። ድሉ በዐፄ ገላውዴዎስ ስም ሲነገር ኖሯል። የንጉሡን ሕይወት ከመነሻው እስከ መጨረሻው ለሚመረምር ግን፥ ትልቁ ሥራቸው የዚያ ቀን ውጊያ ሳይሆን፥ ከውጊያው በፊት በትዕግሥት የተደረገው ዝግጅትና ከውጊያው በኋላ ለዐሥራ ስድስት ዓመታት የተካሄደው የመልሶ ማቋቋም ተግባር ሆኖ ይገኛል።

ገላውዴዎስ ከዐፄ ልብነ ድንግልና ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል በ1514 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። የሕፃንነታቸው ዘመን ገና ሳያልፍ፥ በ1521 ዓ.ም. የአዳሉ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በሽምብራ ኩሬ የአባታቸውን ጦር ድል አደረጉ። ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱ የሚያርፍበት አጣ። መካነ ሥላሴና ደብረ ሊባኖስ ተቃጠሉ፤ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ከየአድባራቱ እየወጡ ወደ አምባና ወደ ደሴት ተሸሸጉ። የጣና ደሴቶች እንኳ ከዘመቻው ፈጽመው አላመለጡም። የልዑሉ ታላቅ ወንድም ፊቅጦር ተገደሉ፤ ታናሽ ወንድማቸው ሚናስ ተማርከው ባሕር ተሻግረው ወደ የመን ተላኩ። ዐፄ ልብነ ድንግልም በመስከረም 1533 ዓ.ም. በደብረ ዳሞ ዐረፉ። የዐሥራ ስምንት ዓመቱ ወጣት፥ አስናፍ ሰገድ ተብለው ሲነግሡ የወረሱት ዘውድ እንጂ የተደራጀ መንግሥት አልነበረም።

በዓለም ታሪክ ለዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በሰባተኛው መቶ ዓመት የሕርቃል ሥርወ መንግሥት የሚገዛው የቢዛንታይን መንግሥት በዐረቦች መስፋፋት ሶርያንና ግብፅን አጥቶ፥ በቁስጥንጥንያ ቅጥርና የግሪክ እሳት በተባለው ተቀጣጣይ መሣሪያ ሕይወቱን አትርፏል። ገላውዴዎስ ግን ቁስጥንጥንያን የመሰለ ከተማ አልነበራቸውም። ቅጥራቸው ተራራ ነበር፤ መሣሪያውም ከውጭ መምጣት ነበረበት።

የጦርነቱን ሚዛን ካዘነበሉት ነገሮች አንዱ ነፍጥና መድፍ መሆኑን ሁለቱም ወገኖች ተረድተውት ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ቀደም ሲል በላኩት የእርዳታ ጥያቄ መሠረት፥ በ1533 ዓ.ም. በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋሎች በምጽዋ በኩል ገቡ። እቴጌ ሰብለ ወንጌል ከደብረ ዳሞ ወርደው ከእነርሱ ጋር ዘመቱ። ኢማም አሕመድም ለዚህ መልስ እንዲሆን በየመን ከነበሩት ቱርኮች ነፍጠኞችና መድፍ አስመጡ። በ1534 ዓ.ም. መጨረሻ በወፍላ በተደረገው ውጊያ ፖርቱጋሎች ተሸነፉ፤ አለቃቸውም ተማርከው ተገደሉ። ከዚህ ድል በኋላ ኢማሙ ከቱርኮቹ አብዛኞቹን አሰናብተው 200 ያህሉን ብቻ በማስቀረት፥ ወደ ጣና ዳርቻ ወርደው በደረስጌ ሰፈሩ። ጦርነቱ ያበቃ መስሏቸው ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው ገላውዴዎስ ከደቡብ በጥቂት ተከታዮች መጥተው በሰሜን ተራሮች ከእናታቸውና ከተረፉት ፖርቱጋሎች ጋር የተገናኙት። ወጣቱ ንጉሥ ወዲያው ለበቀል አልተንቀሳቀሱም። በደብረ ዳሞ ተቀምጦ የቆየው መሣሪያ ተወሰደ፤ በአገር ውስጥ ከተገኘው ድኝና ሌላ ማዕድን ባሩድ ተቀመመ፤ የተበተነው ሠራዊትም ቀስ በቀስ ተሰበሰበ። ከዘመቻው ተካፋዮች አንዱ እንደመዘገበው፥ ወደ ጣና የወረደው ጦር 8,000 እግረኛና 500 ፈረሰኛ ሲሆን የኢማሙ ጦር በቁጥር ይበልጥ ነበር። ሁለቱ ሰፈሮች ተፋጥጠው ሳሉ፥ የንጉሡ ስመ ጥር የጦር አለቃ አዝማች ቀፍሎ በደፈጣ ተገደሉ። የሠራዊቱ ልብ እንዳይከፈል ንጉሡ ውጊያውን አላዘገዩም። በማግሥቱ በተደረገው ፍልሚያ ኢማም አሕመድ በነፍጥ ተመትተው ወደቁ፤ ጦራቸውም ተበተነ። ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራ አምልጠው ሐረር ገቡ። ልጃቸው ግን ተማረኩ፤ ኋላም በልዑል ሚናስ ተለውጠው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከድሉ በኋላ የመጣው ሥራ ከጦርነቱ ይልቅ ረጅምና አድካሚ ነበር። ብዙ ሕዝብ በግድም ሆነ በውድ ሃይማኖቱን ለውጦ ነበር፤ ይህን ሁሉ መቅጣት አገሩን ሁለተኛ ማፍረስ ይሆን ነበር። ንጉሡ የተመለሰውን በይቅርታ መቀበልን መረጡ። የእምነቱ ክርክር በብዕር እንዲካሄድ ካደረጉት ሊቃውንት ዋናው፥ ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም ነበሩ። የተቃጠሉ አብያተ ክርስቲያናት ታደሱ፤ ተድባበ ማርያም የንጉሡ ልዩ እንክብካቤ ያልተለያት ደብር ሆነች። በወጅም የውጭ አገር ባለሙያዎች የተካፈሉበት ቤተ መንግሥት ታነጸ።

እርዳታም ዋጋ ነበረው። የፖርቱጋል ንጉሥና የሮማ ቤተ ክርስቲያን፥ ኢትዮጵያ የካቶሊክን እምነት እንድትቀበል ጠየቁ። ገላውዴዎስ ደምን ላፈሰሱላቸው ፖርቱጋሎች ርስት ሰጥተው በክብር አኖሯቸው፤ የሃይማኖቱን ጥያቄ ግን አልተቀበሉም። በ1547 ዓ.ም. በጻፉት የእምነት መግለጫ የሰንበትን፥ የግዝረትንና የምግብን ልማድ ከአይሁድ ሥርዓት ለይተው በጨዋ ቃል አስረዱ። ውለታን ማክበርና ራስን አሳልፎ መስጠት የተለያዩ መሆናቸውን በዚህ አሳዩ።

ሆኖም ሰላሙ ምሉዕ አልነበረም። በ1549 ዓ.ም. ቱርኮች ምጽዋን ያዙ። በደቡብ በኩል የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ፥ በረጅሙ ጦርነት የደከሙትን የአዳልንና የክርስቲያኑን መንግሥት በአንድነት ገጠማቸው። በሐረር ባቲ ድል ወንበራን ያገቡት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ለበቀል ተነሡ። የንጉሡ ጦር አንዱ ክፍል በሐመልማል መሪነት ሐረርን ሲወጋ፥ ኑር ፈጠጋርን ወረሩ። ገላውዴዎስ አብሯቸው በነበረው አነስተኛ ጦር ተጋጠሙ፤ በሰሙነ ሕማማት፥ መጋቢት 27 ቀን 1551 ዓ.ም. በውጊያ ላይ ወደቁ። ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ። በወይና ደጋ ኃይልን አሰባስበው ያሸነፉት ንጉሥ፥ ኃይላቸው በተከፈለበት ቀን ተሸነፉ።

ያቆሙት መንግሥት ግን ከእርሳቸው ጋር አልወደቀም። ዙፋኑን ወንድማቸው ሚናስ ወረሱ፤ ከሚናስም በኋላ እቴጌ ሰብለ ወንጌል በሕይወት ቆይተው የልጅ ልጃቸውን ሠርፀ ድንግልን ለማንገሥ በቁ። ሠርፀ ድንግል በጣና አጠገብ የጉዛራን ግንብ ሠሩ፤ ቀጥሎም የፋሲል ጎንደር መጣ። በሌላው ወገን አሚር ኑር ሐረርን በጀጎል ግንብ አጠሩ። ሁለቱም ግንቦች እስከ ዛሬ ቆመዋል፤ ግንብ አሠሪዎቹም ሆኑ ወገኖቻቸው የአንድ አገር ታሪክ ባለቤቶች ናቸው። የገላውዴዎስ ሕይወት የሚያስተምረውም ይኸው ነው፦ አገርን በአንድ ቀን ድል ከጥፋት ማዳን ይቻል ይሆናል፤ ጸንቶ የሚቆመው ግን ከድሉ በኋላ ባሉት ብዙ ጸጥተኛ ዓመታት ሥራ ነው።